ከደሴ ሜዳ ተነስቶ በአማካይነት እንጀራ መብላት

ደሴ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ አስር ቁጥር ነው። ሆጤ ሜዳ ወርዳችሁ አንዱን «የት ቦታ ነው የምትጫወተው?» ብትሉት «ከአጥቂ ጀርባ» ይላችኋል። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ የሚነጥቅ፣ የነጠቀውን ሳያሳምር ለቅርብ ጓደኛው የሚሰጥ፣ ሌላው ወደ ፊት ሲሄድ ቀዳዳውን የሚደፍን ልጅ ግን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። አሰልጣኞች በየክረምቱ የሚፈልጉት ደግሞ እሱን ነው። እኔ ለዓመታት የአማካይ (የመሀል ሜዳ ተጫዋች) ደሞዝ የበላሁት ከሰፈሬ ልጆች ስለምሻል አልነበረም። ከእኔ የተሻለ ኳስ የሚያንከባልሉ ሞልተው ነበር፤ ስድስት ቁጥር የሚባለውን ይህን ቦታ የሚመኝ ግን አልነበረም።

አሁን ደሴ ፒያሳ አካባቢ የስፖርት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። ታኬታ ሊገዙ የሚመጡ እናቶች ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት «ወንድሜ፣ እንዲያው ይህ ልጅ በኳስ ይበላል?» ይሉኛል። መልሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩት። አብዛኛው ለልጁ ስለሆነ «አንተ» እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሴቶቹ «አንቺ» እያላችሁ አንብቡት።

ቁጥርህን ስትመርጥ

እስከ አስራ አምስት ዓመትህ ድረስ የትም ተጫወት። ከዚያ በኋላ ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ኳስ ስትነጠቅ ምን ታደርጋለህ? እጅህን ወገብህ ላይ ሰቅለህ ዳኛውን የምታይ ከሆነ አስር ቁጥር ነህ፤ በዚህ ጠባይህ የሚታገስህ አሰልጣኝ ከተገኘ ማለት ነው። ወዲያው ዞረህ የምትሮጥ ከሆነ ስምንት ቁጥር ነህ፤ ከራስህ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል እስከ ተጋጣሚው ክልል ስትመላለስ ትውላለህ። ኳሱ ከመነጠቁ በፊት የሚነጠቅበትን ቦታ ጠርጥረህ እዚያ ቆመህ ከጠበቅክ ደግሞ ስድስት ቁጥር ነህ፤ ለአንተ የሚሆን ሥራ አለ።

ቁመትህ አያስጨንቅህ። ሉካ ሞድሪች 1 ሜትር ከ72 ነው። በልጅነቱ ሃይዱክ ስፕሊት የተባለው ክለብ ደቃቃ ነው ብሎ አልወሰደውም። ዲናሞ ዛግሬብ ከወሰደው በኋላም ገና በአስራ ስምንት ዓመቱ ለቦስኒያው ዝሪንስኪ ሞስታር በውሰት ሰጠው፤ እዚያ ሜዳው ሻካራ፣ ተከላካዩ ጨካኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን ወሰደ። ከሜዳችን ድንጋይ የተነሳ ነጥራ የምትመጣ ኳስ ስታናድድህ ሞስታርን አስብ። ንጎሎ ካንቴም ከእሱ አይረዝምም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር፣ በ2017 ከቼልሲ ጋር በተከታታይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው በነጠቃ ነው።

ዓይን ከእግር ይቀድማል

የአማካይ ሙያ ኳስ እግርህ ሥር ስትገባ የሚጀምር ይመስልሃል። በዚያ ሰዓት ግን ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። አጥቂ ፊቱን ወደ ግብ ሰጥቶ ይጫወታል፤ ተከላካይ ሁሉም ነገር ከፊቱ ነው። አማካይ ብቻ ነው ከአራቱም አቅጣጫ ሰው የሚመጣበት። ስለዚህ ኳሷ በመንገድ ላይ እያለች አንገትህን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ ከኋላህ ማን እንዳለ አይተህ መጨረስ አለብህ። ዮርዴት የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮችን በካሜራ ተከታትሎ ነበር። ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ደጋግመው ዙሪያቸውን የሚያዩት ወደ ፊት የሚሰጡት ኳስ የበለጠ እንደሚሳካላቸው አገኘ። የባርሴሎናውን ዣቪን ያየ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም፤ አንገቱ አርፎ አያውቅም ነበር።

ይህን ለመለማመድ ገንዘብ አይጠይቅም። የትምህርት ቤት ግድግዳ ፈልግ። ኳሷን ወደ ግድግዳው ምታ፤ ጓደኛህ ከጀርባህ ቆሞ ጣቶቹን ያንሳ። ኳሷ ተመልሳ እግርህ ከመድረሷ በፊት ዞር ብለህ አይተህ ስንት ጣት እንደሆነ ጮክ ብለህ ተናገር። በመጀመሪያ ወይ ኳሷ ታመልጥሃለች ወይ ጣቱ። ሲለምድህ ጓደኛህ ቦታ ይቀያይር፤ በቀኝ ከሆነ በግራ እግርህ ተቀብለህ ወደ ግራ ውጣ፤ በግራ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው። ከልምምድ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ነገር አቋቋም ነው። ኳስ ለሚሰጥህ ሰው ደረትህን ሙሉ በሙሉ አትስጠው፤ ጎንህን ሰጥተህ ቁም። እንደዚያ ስትቆም ግማሹን ሜዳ ከፊትህ ታገኛለህ፤ ከኳሷ በራቀው እግርህ ስትቀበል ደግሞ በአንድ ንክኪ ትዞራለህ። ልጆቻችን በቀረበው እግር ተቀብለው፣ ኳሷን ረግጠው፣ ቀና ብለው፣ ከዚያ ያስባሉ። ይህ ቀበሌ ለቀበሌ ሲገጥም ያስጨበጭባል፤ ከፍተኛ ሊግ ላይ ግን ቀና ስትል ኳሷ የለችም።

ሦስተኛው፣ ኳስ ለሰው አይሰጥም፤ ለእግር ነው የሚሰጠው። ጓደኛህ በቀኙ ተከላካይ ካለ ለግራ እግሩ ስጠው። ኳሷን ወደ ቀኝ እግሩ ልከህ ቢነጠቅ ተመልካቹ እሱን ይሰድባል፤ አሰልጣኙ ግን አንተን ነው የሚያየው።

ስለ ኳሷ ራሷም አንድ ነገር ልበል፤ ሻጭ ነኝና ይፈቀድልኝ። አምስት ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ትመዝናለች፤ በደንቡ የአየር ግፊቷ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው። ልጆች ግን ድንጋይ እስክትሆን ይነፏታል፤ ከዚያ ከእግራቸው ነጥራ ስትሄድ ሜዳውን ይረግማሉ። በአውራ ጣት ስትጫናት ትንሽ ገባ የምትል ትሁን። ታኬታም ቢሆን ለእኛ ሜዳ አጫጭር የጎማ ጥርስ ያለው ይበቃል። ረጅም የብረት ጥርስ ለለስላሳና ርጥብ ሣር ነው፤ ደረቅ ኮረት ላይ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ውዱን ላለመሸጥ የምከራከር ነጋዴ በመሆኔ ሚስቴ ትስቅብኛለች።

ሳንባ፣ ሐረጎና ድሬዳዋ

አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ይህን ሰምተው ጠዋት በሐረጎ ዳገት ሽቅብ አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ፍጥነት የሚሮጡ ልጆች አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ግን የሚሠለጥኑት ለማራቶን ነው። የአማካይ ሩጫ የተቆራረጠ ነው፦ ትራመዳለህ፣ ትሮጣለህ፣ በሙሉ ኃይልህ ትፈተለካለህ፣ ትቆማለህ፣ ትዞራለህ። ስለዚህ ልምምድህም ይቆራረጥ። 15 ሰከንድ በፍጥነት ሩጥ፣ 15 ሰከንድ ተራመድ፤ ይህን ስምንት ደቂቃ ያህል ደጋግመህ ሦስት ደቂቃ እረፍና እንደገና ጀምር። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ በጨዋታ ዋዜማ አይሆንም። ከአስራ አራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨዋታው ራሱ ይበቃዋል።

በቦታ አቀማመጥ ደግሞ ዕድለኞች ነን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ቁልቁል 1,850 አካባቢ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ሌቪንና ስትሬይ-ገንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሯጮችን 2,500 ሜትር ላይ እያሳደሩ 1,250 ሜትር ላይ አሠለጠኗቸው፤ ሯጮቹ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርዱ የ5,000 ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። ከፍታው ደም ያጠነክራል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ለመሮጥ አየር ይሰጣል። እነዚያ የቆላ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ እዚሁ ከጦሳ ተራራ ሥር ተወልደናልና ውጤቱ እንዳለ ይሠራልናል አልልም። ቢሆንም ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍረህ ኮምቦልቻ ወርደህ የፍጥነት ልምምድ ብትሠራ ልዩነቱን እግርህ ይነግርሃል።

ወደ ኮምቦልቻ የምልክህ ለሌላም ምክንያት ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበትን መንገድ ይዟል፤ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ናት። ከደሴ ጭጋግ ወጥቶ በቀጥታ ድሬዳዋ የገባ አማካይ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ምላሱ ይደርቃል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የመታኸው ረጅም ኳስ ሩቅ ይሄዳል፤ ቆላ ስትወርድ ያው ምት ያጥርብሃል። የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች ርቀት ለማስተካከል ተጠቀምባቸው።

ሰውነትህን መጠበቅ

ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የሚባል የማሟሟቂያ ልምምድ አለ። 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም፤ በትክክል የሚሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። ከውስጡ ኖርዲክ የሚባለውን አትዝለል፦ ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን አጥብቆ ይያዝ፣ ወገብህን ሳታጥፍ በዝግታ ወደ ፊት ውረድ። የኋላ ጭን ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያስቸግርሃል፤ አብሽር፣ ያልፋል።

ቁርጭምጭሚትህ ወለም ብሎ ካበጠ በመጀመሪያው ቀን በጉልበት አታሳሽ። በረዶ ያዝበት፣ እግርህን ከፍ አድርግ። ጉልበትህ ግን ድምፅ አሰምቶ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ የመስቀል ጅማት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያይህ ሜዳ አትመለስ። ያ ጅማት ከተበጠሰ መመለሻው ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ሲቆረጥበት የዓለም ምርጥ አማካይ ነበር፤ እሱም ወራቱን ቆጥሯል።

ምግብ ላይ አላበዛም። በሶ በማር ከልምምድ በፊት፣ ሽሮና ምስር ከልምምድ በኋላ፣ እንቁላል ሲገኝ። የወሎ ልጅ ነህና ጾም ታውቃለህ። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ከአንድ ሳምንት ባነሰ ልዩነት ሲገቡ የስንቱ ቡድን ምግብ አብሳይ ሥራ ፈትቶ ይሆን! ረመዳን ላይ ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው አስጠጋው፤ ሁዳዴ ላይ ባቄላና ሽምብራን አብዛ። ለአሰልጣኝህ ቀድመህ ንገረው፤ የደበቅከው ጾም ሜዳ ላይ ስንፍና ይመስላል።

ስለ ጫት ወሎ ውስጥ ተቀምጬ ስጽፍ የሚቀየሙኝ ይኖራሉ። ጫት ውስጥ ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በውድድር ጊዜ ከሚከለክላቸው አንዱ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ተጫዋቹ ይጠየቃል። ምርመራው ባይደርስብህ እንኳ እንቅልፍህን ይወስዳል፤ ያላንቀላፋ አማካይ ደግሞ አንገቱን ማዞር ይረሳል። ሰው ቤት ሄደህ ቅጠል ቢቀርብልህ ቡና ጠጥተህ ውጣ።

ወረቀት

ዕድሜህን አትቀንስ፤ የሚያስቀንስህንም ሰው ሽሽ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤም አር አይ ያያል፤ አጥንት አይዋሽም። የልደት ምስክር ወረቀትህ፣ የትምህርት ቤት ካርድህ፣ ፋይዳ መታወቂያህና ቴሴራህ (የተጫዋችነት መታወቂያህ) አንድ ዓይነት ስምና ቀን ይያዙ። በአንዱ ላይ «መሐመድ»፣ በሌላው ላይ «ሙሐመድ» ተብሎ የሚሰቃይ ልጅ በየክረምቱ አያለሁ።

መንገዱ ይታወቃል። የሰፈር ቡድን፣ የታዳጊዎች ፕሮጀክት፣ ከዚያ የከተማ ክለብ። ደሴ ከተማም ሆነ ከኮምቦልቻ የተነሳው ቡድን በከፍተኛ ሊግ ተጫውተዋል፤ ጎረቤታችን ወልድያም እስከ ፕሪሚየር ሊጉ ዘልቆ ነበር። ከዚያም በላይ ደጁ ዝግ አይደለም። ሽመልስ በቀለ ከሐዋሳ ተነስቶ ግብፅ ውስጥ ለዓመታት በአማካይነት ተከፍሎታል። ጋቶች ፓኖም በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ሄደ፤ ሱራፌል ዳኛቸው በ2024 ከፋሲል ከነማ አሜሪካ ላውደን ዩናይትድ ገባ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱም አማካዮች መሆናቸውን ልብ በል።

ለሙከራ ስትጠራ የማያውቁህ ልጆች መሀል ትገባለህ፤ ሁሉም ራሱን ሊያሳይ ስለመጣ ኳስ የሚሰጥህ የለም። ስለዚህ ኳስ አትለምን። የፈሰሰውን ልቀም፣ በሁለት ንክኪ ስጥ፣ አፍህን ክፈት። «ዙር»፣ «ሰው አለብህ»፣ «ጊዜ አለህ» እያልክ ለሌላው ዓይን ስትሆን አሰልጣኙ ቁጥርህን ይጽፋል። ከሁሉም በላይ ኳስ ስትጠፋብህ የሚሆነውን ይመለከታል፤ አስቀድሜ ነግሬሃለሁ።

ፊርማ

እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ። በአንድ ክለብ ለወራት ደሞዝ ሳንቀበል ተጫውተን ነበር። ክለቡን አልጠራም። ከመካከላችን ውሉን በእጁ የያዘ ልጅ ነበር፤ ሌሎቹ «ቢሮ ነው ያለው» ይሉ ነበር። ቀድሞ ገንዘቡን ያገኘው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ውል ስትፈርም ሁሉንም ገጽ ፈርም፣ ማኅተም ያረፈበትን አንድ ቅጂ በእጅህ ይዘህ ውጣ። የፊርማ ክፍያ ስንት ነው? ወርሃዊው ስንት ነው? ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብትጎዳ ሕክምናውን ማን ይሸፍናል? ውሉ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው? መልቀቂያ የሚሰጥህ በምን ሁኔታ ነው? በቃል የተነገረህን ሁሉ «እዚህ ላይ ይጻፍልኝ» በል። የሚቆጣ ካለ ለምን እንደተቆጣ አስብ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ሊፈርም አይችልም፤ የሌላውም ውል፣ የሀገሩ ሕግ ካልፈቀደ በቀር፣ ከአምስት ዓመት አይበልጥም። አንቀጽ 14 ቢስ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ካስቀረብህና ቢያንስ 15 ቀን ሰጥተህ በጽሑፍ ካስጠነቀቅከው በኋላ ካልከፈለ ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አለህ። በጽሑፍ የሚለውን አስምርበት። ስልክ መደወል አይቆጠርም፤ ተናደህ ካምፑን ጥለህ መሄድም ጥፋቱን ወደ አንተ ያዞረዋል።

ወላጆች፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። «ልጅህን ውጭ አስሞክረዋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ቡና አጠጡትና ሸኙት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከሀገር ወደ ሀገር እንዳይዘዋወር ፊፋ ከልክሏል። ፈቃድ ያላቸውን ወኪሎች ዝርዝርም በድረ ገጹ ያወጣል፤ ስሙ እዚያ ከሌለ ነገሩ አለቀ። ላም ሸጦ ለደላላ መስጠት በዚህ አካባቢ የታወቀ ነገር ነው፤ ለኳስም ተጀምሯል።

ከደሞዙ ምን ይደረጋል

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ከተማው ሁሉ ስለ ጣሪያው አወራ። ስለ ወለሉ ግን ያወራ የለም፤ አብዛኛው ተጫዋች የሚኖረው እዚያ ነው። ውሉም ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ የፊርማ ክፍያውን ልብስ አታድርገው፤ ደሞዝ ለሚቀርባቸው ወራት አስቀምጠው። ትምህርትህንም አትተው። ሮድሪ ቪያሪያል እየተጫወተ በተማሪዎች ማደሪያ እየኖረ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ የወይዘሮ ስሂን ማታ ክፍል ለአንተ የሚከብድበትን ምክንያት አላየሁም።

ሠላሳን ስትሻገር እግርህ ይዘገያል፤ ዓይንህ ግን ይቆያል። አሰልጣኞቹ ጋርዲዮላ፣ አንቸሎቲ፣ ዴሾም በመሀል ሜዳ የተጫወቱ ናቸው፤ ከእኛም ካሳዬ አራጌ። ስለዚህ ገና እየተጫወትክ የካፍን የአሠልጣኝነት ላይሰንስ ከዲ ጀምር፤ ሲ፣ ቢ እያልክ ትወጣለህ። የሰፈርህን ታዳጊዎች ስትይዝ ደግሞ ከአስራ ሁለት ዓመታቸው ጀምረህ በፌዴሬሽን በታወቀ ቡድን ስም አስመዝግባቸው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በገንዘብ ከሀገር ወደ ሀገር ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ክፍያው የሚሄደው ግን በምዝገባው ላይ ስሙ ወዳለው ክለብ ነው፤ ቴሴራ ያልወጣለት ልጅ ያሳደገው ቡድን ምንም አያገኝም።